ሌጌዎን ያልነው ሰው

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ያሉኝ ዳባት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ነው። የታሪክ ፈተና እያረምሁ ነበር። ቶሎ ተመልሼ የምጨርሰው መስሎኝ ቀዩን እስክሪብቶ ኪሴ ከትቼ ተነሣሁ። «ለአምስት ደቂቃ» የሚለውን ነገር ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ የሒሳብ መምህር እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ከሌሎች ጋር በአንድ አይሱዙ ጭነው ደባርቅ አወረዱን። ያስገቡን ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የቆየ ስንዴ፣ ነቀዝ፣ እርጥብ ጆንያ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ውኃ ያላየ የብዙ ሰው እግር። መስኮት የለውም። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል ብርሃንም ይገባል፣ ጠዋት ጠዋት የስሜን ውርጭም ይገባል። የደባርቅ ብርድ ለአሳሪና ለታሳሪ አያዳላም፤ ልዩነቱ አሳሪው ካፖርት ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

«ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለ ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ። ካቦው ነበር። ካቦ እስረኞች ከመካከላቸው የሚመርጡት የክፍሉ አለቃ ነው፤ መኝታ ያደላድላል፣ ጠብ ይገላግላል፣ ከጥበቃዎች ጋር ይነጋገራል። የእኛው ካቦ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ነው። «ከዚህ ቤት ስንት ጊዜ ስንዴ ጭኛለሁ፤ ይኸው ደግሞ እኔን አከማቹኝ» እያለ ይስቅ ነበር። ሰው ሲከፋው ቶሎ ያውቃል፤ ሲናደድ ግን አያድርስ ነው።

ከእሱ ጎን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «አስተማርሁ» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ሁላችንም፣ ጥበቃዎቹም ሳይቀሩ፣ «የኔታ» እንላቸው ነበር።

መጋዘኑ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው። ከቤተሰብ የሚመጣ ምግብ የማንም አይደለም። ሚስትህ የላከችው ወጥም ሆነ የጎረቤትህ ቆሎ፣ በር ላይ ተፈትሾ ሲገባ ለካቦው ይሰጣል፤ ካቦው በትልልቅ ትሪ ያቀርበዋል፤ የኔታ ይባርካሉ፤ ሁሉም ከበብ ብሎ ይበላል። ከሩቅ የመጣና ጠያቂ የሌለው ሰው ጦሙን እንዳያድር የተበጀ ዘዴ ነው። መዋሸት አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀን የባለቤቴን ወጥ የማላውቀው ሰው በትልቁ ሲጎርሰው ሆዴ ተቃጥሏል። እየቆየሁ ስሄድ ግን ማን ምን እንዳመጣ መጠየቁ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር።

ያ ሰውዬ የመጣው አንድ ጠዋት ነው። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ገፍትረው አስገቡና ዘጉት። ምልክቱ የተነቀለ ስስ የወታደር ሸሚዝ ለብሷል፤ ጋቢ የለውም፤ እግሩ ላይ ሸበጥ ነው። ማንንም ሳያይ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«ደኅና አደርህ ወንድሜ? ከየት ነህ?» አለው ካቦው።

«ከአምቢኮ በኩል።»

«ስምህስ ማነው?»

ዝም አለ። ካቦው ጠጋ ብሎ ፊቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ የራሱ ፊት ተለዋወጠ።

«አወቅሁህ!» አለ። «አንተን አንድ ኬላ ላይ በሦስት ልብስ አይቸሃለሁ።»

ወደ እኛ ዞሮ ነገረን። ስንዴ ጭኖ ወደ ጎንደር ሲመላለስ ያስቆመው ሰው ነው። መጀመሪያ የመከላከያ ልብስ ለብሶ፣ በኋላ ሚሊሻ ሆኖ፣ በመጨረሻም መንገዱን ጫካ የገቡት ሲይዙት ከእነሱ ጋር ሆኖ። ሰውዬው አላመነም፣ አልካደም፤ መሬት መሬት ያያል።

«አሁንስ በስንተኛው ልብስህ መጣህብን? እዩልኝማ፣ ስሙን አይናገርም! ስሙማ ሌጌዎን ነው። ብዙ ናቸው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም፤ በእኛ አገር ጠበል ቦታ የረገጠ ሁሉ ያንን ስም ያውቀዋል። መስቀል ያረፈበት በሽተኛ ይጮኻል፤ «ስምህ ማነው?» ይሉታል፤ ከውስጡ የራሱ ያልሆነ ድምፅ «ሌጌዎን ነኝ!» ይላል። ልጅ ሆኜ እናቴ ቀሚስ ውስጥ የምሸጎጠው ያንን ስም ስሰማ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰውዬውን በሌላ ስም የሚጠራው ጠፋ።

ሥራ የሌለው ሰው ቃል ያኝካልና ወሬው በዚህ አላበቃም። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልሁም። ቃሉ ሲነሣ የጋኔን ስም እንዳልሆነ፣ የሮማውያን ጦር ክፍል ስም እንደነበረ ነገርኋቸው። በሺህ የሚቆጠር እግረኛ ነው፤ የራሱ ቁጥርና ንስር ያለበት ዓርማ አለው። ሮም በያዘችው አገር ገበሬ በየመንገዱ የሚያገኘው፣ አህያውን የሚነጥቀው፣ ሸክም የሚያሸክመው እሱ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር በሽተኛ መከራውን በዚያ ስም ቢጠራው አይፈረድበትም አልኋቸው።

«እኔ የማውቀው የፈረንሳዮቹን ነው» አለ አንድ ሾፌር። «ፊልም ላይ አይቸዋለሁ። ከየአገሩ የሸሸ ሰው ይቀጠርበታል። ሲገባ ስሙን ይጥልና አዲስ ስም ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ የድሮውን የሚጠይቀው የለም።»

«የኛ ሰፈር ልጆችም ለኳስ ቡድናቸው አውጥተውት ነበር» አለ ሌላው። «የንስሐ አባታችን ሰምተው ጉድ አፈሉ። አሁን “አንበሳ” ተብሏል።»

ተሳቀ። ሰውዬው በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ፣ ተኮራምቶ ሁሉን ይሰማል። ስለ ስሙ ይህን ያህል ስናወራ እሱን ያናገረው አልነበረም።

በዚያው ቀን ካቦው፣ ሰውዬው ከትሪው እንዳይቀርብ ወሰነ። የመጋዘኑ ሕግ ሲጣስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቁራሽ እንጀራ ፌስታል ላይ ተደርጎ ይገፋለታል፤ ብቻውን ዞሮ ይበላል። አምቢኮ ሩቅ ነው፤ ጠያቂ አልመጣለትም።

ጨካኞች ስለሆንን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ለምርመራ ይጠሩታል፤ ሲመለስ ጭረት እንኳ አይታይበትም። እኔ ከዚያ ክፍል ተመልሼ ለቀናት በግራ ጎኔ መተኛት አልቻልሁም ነበር። ታዲያ ይኸ ሰው ምን ቢነግራቸው ነው እንዲህ በደኅና የሚመለሰው? የማን ወንድም ጫካ እንዳለ፣ የማን ልጅ የት እንደተደበቀ እርስ በርስ እናውቅ ነበር። የሁላችንንም ቤት ለማፍረስ አንድ ጆሮ ይበቃል። ስለዚህ ወሬ አቆምን። ቀድሞ ሲሳቅበት የሚውለው መጋዘን ለቅሶ ቤት መሰለ። ፈርተን ነበር፤ ፍርሃታችንም ምክንያት ነበረው፤ ዛሬም ቢሆን ያንን አልክድም።

ሰውዬው ሳል ጀመረው። በሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ያዝላል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ስስ ሸሚዝ ነው። ሳሉ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ከቀን ወደ ቀን ግን ከጥልቅ የሚመጣ ሆነ። «በዚህ ከቀጠለ ይኸ ክረምት ይወስደዋል» አለኝ ሾፌሩ በጆሮዬ። ካቦው ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የኔታ ያስተምሩናል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላልዋለ ሰው ልንገር፤ ትርጓሜ ማለት አንድ ንባብ ይዞ «አንድም እንዲህ ሲል ነው፣ አንድም እንዲህ ሲል ነው» እያሉ ፍቺውን መደርደር ነው። የኋላው የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ሁሉም ተከባብረው ይቆማሉ። ዕድሜዬን ሙሉ «ትክክለኛውን መልስ አክብቡ» ስል ለኖርሁት ለእኔ መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነገር ነበር። ኋላ ግን እሑድን መጠበቅ ጀመርሁ።

የዚያን እሑድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ምግቡ ቀርቧል፤ ሽሮና ዳቦ ነው። የኔታ ገና አልባረኩም።

«የኔታ» አለ ካቦው በሹፈት፤ «ዛሬ እስቲ የሌጌዎንን ይተርጉሙልን። ባለቤቱም እዚሁ አለልዎ።»

የኔታ አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፈኑና ጉባኤ ላይ እንደሚሉት፣ ወደ ዜማ በተጠጋ ድምፅ ጀመሩ።

«ስምህ ማነው አለው። አያውቀው ኖሮ ነው? አይደለም፤ ለቆሙት ሊያሰማ ነው። ሌጌዎን ነኝ አለ። ጭፍራ ነኝ ሲል ነው፤ መምህሩ እንደነገረን የሮም ጭፍራ በዚህ ይጠራልና። አንድም ብዙ ነን ሲል ነው፤ ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣምና። አንድም ሊያስፈራ ነው፤ የወታደር ስም የሰማ ይሸሻልና። አንድም ሊሸሸግ ነው፤ በብዙዎች ስም የገባን አንዱን ለይቶ የሚይዘው የለምና።»

የጨረሱ መስሎን ነበር። አንዳንዱ እጁን ወደ ትሪው ሰዷል።

«አንድም» አሉ የኔታ፤ አሁን ዜማውን ትተውታል። «ይህን የመለሱ አጋንንቱ ናቸው። ሰውዬውማ መቼ ተናገረ? ሰውዬው በመቃብር መካከል ሲጮኽ ኖሯል፤ የአገሩ ሰው በእግር ብረት ሲያስረው ኖሯል። በኋላ ዳነ። ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ተቀምጦ አገኙት። ያገኙትም ሰዎች ፈሩ እንጂ፣ “ወንድማችን፣ ለመሆኑ ስምህ ማነው?” ያለው አንድ ሰው አልተጻፈም። ይኸው እስከ ዛሬ የአጋንንቱን ስም እናውቃለን፤ የሰውዬውን አናውቅም።»

ወደ ትሪው የተሰደደው እጅ ተመለሰ።

«የኔታ፣ ይኸ የመጨረሻው ከየት ጉባኤ ነው?» አለ ካቦው። «ስንት ዓመት ሳስቀድስ ሰምቸው አላውቅም።»

«ከዚሁ ጉባኤ ነው» አሉ የኔታ፤ እኛን ዞር ዞር ብለው እያዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሁለት እጃቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ በተዘረጋው እግር ሁሉ መካከል አልፈው በሩ ሥር ደረሱና ሰውዬውን አለበሱት።

«ልጄ፣ ስምህ ማነው?»

ሰውዬው ሳለ። ሳሉ እስኪበርድለት ቆሙለት።

«የኔታ፣ እኔ ስሜን ጠልቼው አይደለም» አለ። «ስሜን የጠየቀኝ ሁሉ ጽፎ ጠብመንጃ ሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹም ጻፉ፣ የኋለኞቹም ጻፉ። አሁንም እዚያ ግቢ በየቀኑ የሚጠይቁኝ እንደገና ለመጻፍ ነው። እንግዲህ ለማንም ላልናገር ብዬ ነበር።»

«እኛ ጠብመንጃ የለን» አሉ የኔታ። «ያለን ሽሮ ነው።»

ሰውዬው ያኔ ስሙን ተናገረ። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የደብሩን ስም አስከተለ። በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቀው የክርስትና ስሙን ጨመረ። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ካህን በጸሎት ሊጠራህ ሲል የምትሰጠው ነው። ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፋን። እኔ ማልቀስ አልፈለግሁምና ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«የኔታ!» አለ ካቦው። «ይኸ ሁሉ ሰው ነው ያለው! ሰላይ ቢሆንስ? ሊያስፈጁን ነው?»

«ሰላይም ከሆነ በልቶ ይሰልል። ና ልጄ፣ ቅረብ።»

ከየአቅጣጫው ሳቅ አመለጠ፤ ከስንት ቀን በኋላ። ካቦው አልሳቀም። ሰውዬው ጋቢውን ሰብስቦ መጥቶ ከጀርባችን ቆመ፤ ቦታ የሚለቅለት ይጠብቃል። ቦታ የሚያደላድለው ካቦው ነው፤ ሁላችንም እሱን አየነው። እሱ የኔታን አየ፣ ትሪውን አየ። ከዚያ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ራሱ ጎን ክፍት ቦታ ተወለት። የኔታ ባረኩ፣ በላን።

ወሬ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ስለ ወንድምና ስለ ልጅ አናወራም ነበር፤ ያንን ጥንቃቄ እሱም የተረዳው ይመስለኛል። ግን ከትሪው ይበላል፣ ከበሩ ርቆ በየኔታና በካቦው መካከል ይተኛል፤ በስሙም እንጠራዋለን። ሳሉ ትንሽ ቀለል አለው።

አሮጌው ስም ግን ቀድሞ ከመጋዘኑ ወጥቶ ነበር። ጥበቃዎቹ ወደውት ኖሯል። አንድ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ የምንወጣበትን ሰዓት ስንጠባበቅ በሩ ተከፈተና አንዱ ጥበቃ ጮኸ።

«ሌጌዎን! ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

«ዕቃህን ይዘህ» ከተባለ ወይ መፈታት ነው፣ ወይ ወደ ሌላ ቦታ መወሰድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም።

«ሌጌዎን! አትሰማም እንዴ? ካቦ፣ አስወጣልኝ እንጂ ይኸን ሰው!»

ካቦው ተነሣ። ቀበቶውን ሳብ ሳብ አደረገ።

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለንም» አለ።

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድሁም ጌታዬ። ከነአባቱ ስም ይጥሩት፤ ይወጣል።»

«እንዲያ ነው? ደግ! ዛሬ ምግብ አይገባም። ፀሐይም የለም። ለሌላው ደግሞ ቆይ አሳይሃለሁ።»

«ይሁን» አለ ካቦው።

ጥበቃው ሁላችንንም ተራ በተራ አየን፤ ከመካከላችን «እሱ ነው» ብሎ የሚጠቁም እየፈለገ መሰለኝ። ባለቤቴ የምትመጣበት ቀን ነበር። እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። ማንም አልጠቆመም። በሩ በኃይል ተዘጋ።

ተመልሶ የመጣው ቆይቶ ነው፤ አንድ በዕድሜ ጠና ያለ ባልደረባ አስከትሏል። ይኸኛው ወረቀት አውጥቶ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ረጋ ብሎ አነበበ።

«አቤት» አለ ሰውዬው፤ ብድግ ብሎ።

ጋቢውን ሊመልስ ሲያወልቅ የኔታ እጁን ያዙት፤ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ። ካቦው በር ድረስ ሸኘው። ትከሻውን ጨብጦ «ዳግመኛ ኬላ ላይ እንዳላገኝህ» አለው፤ ሰውዬው ፈገግ አለ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወሰዱት።

ምግብ እንዳሉትም አልገባም። ካቦው ያደረውን ዳቦና የተረፈችውን ቆሎ ሲያከፋፍል «የኔታ፣ ይኸ ትርጓሜ ሆድ ጎዳ» አለ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች ሳቁ።

እኔ ከተፈታሁ ወዲህ ዳባት ተመልሼ አስተምራለሁ። ስለ ሮም ሳስተምር ሌጌዎን የጦር ክፍል ነው እላለሁ፤ በፈተናም ያንኑ አክብቡ እላለሁ፤ ሥራ ነው። የኔታ ወደ ጉባኤያቸው ተመልሰዋል። ካቦውን አልፎ አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ አገኘዋለሁ። ያ ሰው ሰላይ ነበር፣ አልነበረም የሚለውን እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን፤ አንድ ቀን እሱ ነበር ይላል፣ ሌላ ቀን እኔ እላለሁ። ከአምቢኮ የመጣ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ «ተመልሶ ገብስ ያርሳል» ይለኛል፤ ሌላው «ከዚያ ወዲህ ያየው የለም» ይላል። የትኛውን እንደማምን አላውቅም። የመጀመሪያውን ብመርጥ ደስ ይለኛል።

በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አላነሣሁም። የሌሎቹን የተውሁት ለደኅንነታቸው ብዬ ነው። የእሱ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ስሙን የጠየቁት ሁሉ ጽፈውታል፤ እኔ አልጽፈውም። እሑድ ሳስቀድስ ለካህኑ የክርስትና ስሙን እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከቤተሰቤ ስም ጋር አብረው ይጠሩታል።